ተ. ወልደአማኑኤል

ታምሩ ማስመሪያውን ከሦስተኛው መስመር ሥር አስገብቶ እጁን ያዘ። ቀይ እርሳሱ የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ሥራ ምልክት አድርጎባቸው አልፏል፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ግን ወረቀቱን ሳይነካ ቆመ። መስመሩን አነበበ። ማስመሪያውን አስተካክሎ እንደገና አነበበ። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይል ነበር፦ «ተ. ወልደአማኑኤል፤ የእንሰት አጠውልግ በሽታ ከግንድ ወደ ግንድ በቢላ ስለ መተላለፉ፤ ከገጽ 41 እስከ 48።»

የዝርዝሩ ርዕስ «የታሳሪው ምሁር የዶክተር ተፈራ ወልደአማኑኤል የታተሙ ሥራዎች» ይላል። ጽሑፉ ግን የተፈራ አይደለም። የታምሩ ነው። ደግሞም የሚያልቀው ገጽ 49 ላይ ነው። የሰው ሥራ ወስደው ለሌላ ሰው ሲሰጡ ገጹን እንኳ በትክክል አልቆጠሩም።

ታምሩና ተፈራ አይዛመዱም። የታምሩ አባት የአለታ ወንዶ ገበሬ ነበሩ፤ የተፈራ አባት የደብረ ብርሃን መሪጌታ። ኮሌጁ ውስጥ ሁለቱን ያምታታ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ እዚህ አገር ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ አንዱ ታምሩ፣ ሌላው ተፈራ፣ አበቃ። የፈረንጅ መጽሔት ግን የአባትን ስም አጉልቶ የባለቤቱን ስም ወደ አንዲት ፊደል ያሳጥረዋል። በእነሱ አጻጻፍ ታምሩም ተፈራም የሚጀምሩት በአንድ ፊደል ነው። በዚህ ምክንያት አዋሳ ሐይቅ አጠገብ በአንድ ኮሌጅ፣ በሁለት ቢሮ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች፣ ባሕር ማዶ አንድ ሰው ሆነው ኖረዋል።

ወሩ መጋቢት፣ ዘመኑ 1975 ነው። ተፈራ ሞቃዲሾ ከታሰረ ስድስተኛ ዓመቱን ሊደፍን ሁለት ወር ቀርቶታል። በግንቦት 1969 ስለ ሙዝ በሽታ በተጠራ ስብሰባ ላይ ተገኝቶ፣ ስብሰባው አልቆ ሊመለስ ሲል አየር ማረፊያ ላይ «ሰላይ ነህ» ተብሎ ተያዘ። ከሁለት ወር በኋላ ጦርነቱ ተነሳ፤ ስለ እሱ የሚጠይቅም የሚመልስም ጠፋ። አሁን አውሮፓ የሚገኝ አንድ የዕፅዋት በሽታ አጥኚዎች ማኅበር የይፈታልን ደብዳቤ አዘጋጅቷል። ከአሥራ አንድ አገር አርባ ሰባት ምሁራን ፈርመውበታል። ደብዳቤውን ይዞ የመጣው ሆላንዳዊ ፕሮፌሰር ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ከዚያ በፊት የኮሌጁ መምህራን ፊርማቸውን መጨመር፣ የሥራዎቹም ዝርዝር መረጋገጥ አለበት። ማረጋገጥ የምርምር ኮሚቴው ጸሐፊ ሥራ ነው። ጸሐፊው ታምሩ ነው።

አርባ ሰባቱን ስም ጠዋት ቆጥሯቸዋል። ሲቆጥር አንድ ጥያቄ መጣበት፦ እኔ ብታሰር ስንት ሰው ይፈርማል? እንደ ልማዱ ነገሩን በግምት አልተወውም። በረቂቅ ወረቀት ጠርዝ ላይ ስም መጻፍ ጀመረ። አራት ላይ ቆመ። አራተኛዋ ሚስቱ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ታይፒስት እንጂ ምሁር አይደለችም።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። የገባው ዲኑ ዶክተር ሙሉጌታ ነበር። ኮሌጁን መምራት ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ዕድሜው ከታምሩ በስምንት ዓመት ያንሳል።

«አለቀ?» አለ ዲኑ።

«አላለቀም። ሦስተኛው የእኔ ነው።»

«ስህተቱ?»

«ስህተቱ የእነሱ ነው። ሥራው ነው የእኔ።»

ዲኑ ዝርዝሩን ከእጁ ወስዶ አነበበ፤ ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እንሰቱ?»

«እንሰቱ።»

«እኔ እኮ ከተፈራ ጋር የሠራችሁት ይመስለኝ ነበር።»

«ተፈራ የአፈር ሰው ነው። አንድ፣ ሁለት፣ አራትና አምስት የእሱ ናቸው። አራቱም ስለ አፈር ነው የሚያወሩት። ይሄ ብቻ ነው ስለ በሽታ የሚያወራው፤ እሱም የእኔ ነው።»

ዲኑ ግንባሩን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። «ታምሩ፣ ፕሮፌሰሩ ትናንት ማታ ምን እንዳለኝ ልንገርህ። እነዚያ የሞቃዲሾ ሰዎች አፈር ቢባሉ ጆሯቸውንም አይሰጡም። የሚሸጡት ሙዝ ነው። ይሄ በሽታ ከእንሰት ወደ ሙዝ ተሻግሮ እርሻቸውን እንዳይፈጅባቸው ፈርተዋል። ‹በሽታውን የሚያውቀውን ሰው እኮ ነው ያሰራችሁት› ሲባሉ ነው የሚደነግጡት። ደብዳቤው የቆመው በዚህ በሦስተኛው ላይ ነው። ሰውዬውን የሚያስፈታው ሙዝ ነው።»

«ሙዙን የማውቀው እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«አሁን ነው ያወቅኸው።»

«እሺ፣ አሁን አወቅሁ።» ዲኑ ዝርዝሩን ጠረጴዛው ላይ መለሰው። «አላስገድድህም። አንተ ምልክት ካላደረግህበት ማኅተም አላሳርፍበትም። ከሰረዝከውም ተሰርዞ ይሄዳል፤ በአራት የአፈር ጽሑፍ እንሞክራለን።» ተነሳና በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። «ሌላም ነገር አለ። ፊርማው ላይ አንተ ብትቀር ይሻላል መሰለኝ።»

«ለምን እቀራለሁ?»

«የማኅበሩ ሰዎች የዘመድ ፊርማ አንቀበልም ብለዋል። ሁለት ወልደአማኑኤል አንድ ወረቀት ላይ ካዩ ወንድሙ ነው ይላሉ።»

«ወንድሙ አይደለሁም።»

«እኔ አውቃለሁ። ለእነሱ ማን ያስረዳል? ማስረዳት ከጀመርን ደግሞ ሦስተኛውም ይነሳል።» ሰዓቱን አየ። «እስከ ሰባት ተኩል ድረስ አሳውቀኝ።»

ዲኑ ሲወጣ ታምሩ የጠረጴዛውን መሳቢያ ሳበ። ውስጡ ስምንት ገጽ ቅጽ አለ። ይኸው ማኅበር፣ ለተፈራ ደብዳቤ የጻፈው ራሱ፣ በየዓመቱ ለአንድ አፍሪካዊ ተመራማሪ የዶክትሬት ዕድል ይሰጣል። ዕድሜ ከአርባ አምስት በታች ይሁን ይላል፤ ታምሩ አርባ አራት ሞልቶታል። ቢያንስ አንድ የታተመ ሥራ ያስፈልጋል ይላል፤ ታምሩ ያለው አንድ ነው። ቅጹን በወሩ መጨረሻ ሊልከው አሰናድቶታል። ዛሬ ያ ዝርዝር ምልክት ተደርጎበት ከሄደ፣ ነገ ይህን ቅጽ የሚያነቡት ሰዎች የሚያዩት አንድ ነገር ነው፦ የታሰረ ባልደረባውን ሥራ የእኔ ነው የሚል ሰው።

ተፈራ እስር ቤት ተቀምጦም ቢሆን ይቀድመዋል።

በ1969 የስብሰባው ጥሪ የመጣው «ለዶክተር ተ. ወልደአማኑኤል» ተብሎ ነበር። የጠሩት ሰዎች የቢላውን ጽሑፍ አንብበው ነው። የያኔው ዲን ግን «ዶክተር» የሚለውን ብቻ አይቶ ፖስታውን ለተፈራ ሰጠ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተፈራ ራሱ ደብዳቤውን ይዞ ታምሩ ቢሮ መጣ። «ይሄ ያንተ ነው» አለው በሩን ይዞ እንደቆመ። «የጠሩኝ በአንተ ጽሑፍ ነው። አንተ ሂድ።» ታምሩ ቀኑን ሙሉ ይህን ቃል ሲጠብቅ ውሏል። ቃሉ ሲመጣ ግን የራሱ ነገር በሰው እጅ እንደ ስጦታ ሲቀርብለት ማየቱ ከበደው። «ዶክተር ነው የሚለው። እኔ ዶክተር አይደለሁም። ሂድ» አለ።

እዚህ አገር ሰው አንድ ጊዜ እምቢ ሲል እምቢ ማለቱ አይደለም። ሁለተኛ ይለመናል፤ ሦስተኛ ላይ «በሞቴ» ይባልና ይቀበላል። ታምሩም ሁለተኛውን ጠበቀ። ስምንት ዓመት ውጭ አገር የኖረው ተፈራ ግን የመጀመሪያውን እምቢታ እምቢታ ነው ብሎ ወሰደው። «እንግዲያው አመሰግናለሁ» ብሎ ደብዳቤውን አጥፎ ሄደ። ታምሩ ያን «አመሰግናለሁ» ስድስት ዓመት ሙሉ ይቅር አላለውም።

ዝርዝሩንና ማስመሪያውን ይዞ ወደ ታይፕ ክፍል ወረደ።

ካሰች ለብቻዋ ነበረች። ሌሎቹ ታይፒስቶች ለምሳ ወጥተዋል። ሚስቱ የደብዳቤውን ሦስተኛ ቅጂ አውጥታ ወረቀቱን በጣቶቿ ጫፍ እያስተካከለች ነበር። ታምሩ አንዱን ገጽ አንስቶ ወደ መስኮቱ አዞረው። ብርሃኑ በወረቀቱ ውስጥ አለፈ፤ የተፋቀ ወይም የተደረበ ፊደል የለም። ባለፈው ወር የጻፈችለት የእሱ ቅጽ ላይ ሦስት ቦታ ተፍቋል።

«ምን ታያለህ?» አለች ካሰች።

«ንጽሕናውን። ስንት ጊዜ ጻፍሽው?»

«ሦስት ጊዜ።»

«የእኔን ስንት ጊዜ ጻፍሽ?»

«አንድ ጊዜ። አንተ ትከሻዬ ላይ ቆመህ ‹ኮማ፣ ኮማ› እያልክ። እንዲያውም ሦስት ስህተት ብቻ መሆኑ ይገርማል።»

ዝርዝሩን ፊቷ አስቀመጠው። «ሦስተኛውን ስትጽፊ አላየሽም?»

«አየሁ።»

«አይተሽ ዝም አልሽ?»

«እኔ የተሰጠኝን ነው የምጽፈው።» ቀና ብላ አየችው። «ደግሞ ታየዋለህ ብዬ ነው። አንተ የማታየው ነገር አለ እንዴ?»

«ሁለት መቶ አርባ ግንድ ነው የቆጠርኩት፣ ካሰች። አሥራ አራት ወር፤ ክረምቱን በሙሉ ጭቃ ውስጥ። እሱ ሲመጣ እንሰትን ከሙዝ አይለይም ነበር።»

«ገበያነሽስ?»

«የትኛዋ ገበያነሽ?»

«የጓሮው ባለቤት ናታ። ‹ቢላው ነው የሚገድለው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳትሄዱ እሳት አስነኩት› ያለችህ። ያንን ጽሑፍ የተየብኩት እኔ ነኝ እኮ። ስሟ የት ነበር?»

«ምስጋናው ላይ አለ።»

«ግርጌ ላይ። በትንሽ ፊደል።»

«እሷ ተናገረች። እኔ አረጋገጥኩ። ያ ሌላ ነው።»

«እሺ፣ ሌላ ነው» አለችና ካርቦኑን በሁለት ወረቀት መካከል አስገባች።

ታምሩ መሄድ ነበረበት፤ አልሄደም። «ለእሱ ሲሆን እጅሽ ይጠነቀቃል» አለ።

የካሰች እጆች ቁልፎቹ ላይ ቆሙ። «ምን ማለትህ ነው?»

«ብርቱካን ያመጣልሽ ነበር።»

«እስካሁን ያንን ብርቱካን ነው የምትቆጥረው?»

«አራት ጊዜ ነው ያመጣው።»

«አምስት ነው» አለች ካሰች። «አንዱን ሳታይ በልቼዋለሁ።»

ሳቋን ለመደበቅ አልሞከረችም። እሱ ግን አልሳቀም፤ አምስተኛው መቼ ሊሆን እንደሚችል እያሰላ ነበር። እሷም ይህንኑ ፊቱ ላይ አንብባ ሳቋን ሰበሰበች። «ታምሩ፣ ብርቱካኑ ጽሑፎቹን ስለተየብኩለት ምስጋና ነበር። አንተ ግን ሚስቴ ስለሆነች ምስጋናም ብርቱካንም አያስፈልጋትም አልክ። እኔም አልጠየቅኩህም። አሁን ሰውዬው ታስሯል፤ ወረቀቱ ንጹሕ ይሁን ብዬ ደገምኩት። ሌላ የምትቆጥረው ነገር ካለ ማታ ቤት ቁጠረው።»

«እኔ ብታሰርስ?»

«ምን?»

«እኔ ብታሰር ማን ይፈርምልኛል?»

ካሰች መልስ ከመስጠቷ በፊት አንዲት ሴት አንገቷን በበሩ አሰገገች። የሺ ነበረች፤ የተፈራ ሚስት። ታቦር ተራራ ሥር ካለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የጠዋቱን ክፍል ጨርሳ ጣቷ ላይ ከነጠመኔዋ መጥታለች። ለደብዳቤው የሚያያዝ የተፈራን ጉርድ ፎቶግራፍ ይዛለች። ሁለቱን ልጆቿን ለብቻዋ ማሳደግ ከጀመረች ወዲህ አካሄዷ ሁሉ የሚቸኩል ሰው አካሄድ ሆኗል።

«ዋርሳዬም እዚህ ነህ?» አለች። በአባት ስም ምክንያት ገና ሙሽራ ሳለች ያወጣችለት ስም ነው፤ እንደ ባሏ ወንድም ትጠራዋለች። ታምሩ ቀልዱን ወዶት አያውቅም፤ ተይም ብሏት አያውቅም።

«ነኝ። ግቢ።»

ፎቶግራፉን ለካሰች ሰጠችና ደብዳቤውን ሳትነካ ከላይ አየችው። «ዝርዝሩ አልቋል አይደል? ፕሮፌሰሩ ስምንት ሰዓት ላይ ነው የሚነሳው አሉ።»

ካሰች ባሏን አየችው። ባሏ ማስመሪያውን አየ።

«እያየሁት ነው» አለ።

«አንተ ካየኸው እንግዲህ ስህተት የለበትም» አለች የሺ፤ በእውነት ነበር የተናገረችው። «ፈረምክ?»

«አልፈረምኩም። የዘመድ ፊርማ አይሆንም ብለዋል። በአባቴ ስም ምክንያት።»

የሺ ሳቀች። ከሳቀች ብዙ ጊዜ እንደሆናት ያስታውቅ ነበር፤ ሳቁ ሲወጣ እሷንም አስደነገጣት። «እኔ አሥር ዓመት ዋርሳዬ ስልህ አልሆንክም። ፈረንጅ በአንድ ቀን አደረገህ?»

ካሰችም ሳቀች። ታምሩ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

የሺ ቦርሳዋን ከፈተች፤ ትንሽ ካመነታች በኋላ ሁለት ጊዜ የታጠፈ ካርድ አወጣች። የቀይ መስቀል ካርድ ነው፤ ባለፈው ዓመት የመጣ፤ በስድስት ዓመት ውስጥ የመጣው እሱ ብቻ ነው። ወሬው ኮሌጁ ውስጥ ተሰምቷል፤ ካርዱን ግን ከቤተሰቡ ውጭ ያየው የለም።

«ይሄን ያኔ ልሰጥህ ይገባ ነበር» አለች። «ክፉ ቃል መሰለኝና ያዝኩት። አሁን ሳስበው ግን የቀልድም ይመስላል። አንተው ፍረድ።»

ታምሩ ካርዱን ተቀብሎ አነበበ። ጽሕፈቱ የተፈራ ነው፤ ፊደሎቹ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ፣ አሁን ግን ከድሮው አንሰዋል።

«ደህና ነኝ። ጤናዬ ይሻላል። ልጆቹን ሳሚልኝ። ትምህርታቸውን እንዳይተዉ። እናቴን አደራ። እዚህ ሙቀት ነው። ዋርሳሽን ቀናሁብህ ብሎሃል በይው።»

ቃላቱን ቆጠራቸው። አሥራ ሰባት ናቸው። ካርዱ የሚይዘው ትንሽ ነው፤ ከዚያችው ላይ አራቱን ቃል ለእሱ አውጥቷል። ለእናቱ ያወጣው ሁለት ብቻ ነው።

«ሊሄድ አልፈለገም ነበር እኮ» አለች የሺ። «ሻንጣውን ሳሰናዳ ‹ጥሪው የታምሩ ነው፤ ሂድ ብለው እምቢ አለኝ› ብሎኛል። አንተን ለመውቀስ አይደለም። ማን ያውቅ ነበር? ግን እዚያ ቁጭ ብሎ ሲያስበው፣ ያቺ እምቢታህ ሳታስቀናው አትቀርም።»

ታምሩ ካርዱ ላይ ያለችውን አንዲት ቃል እያየ ነበር። በእሱ ቦታ የታሰረ ሰው መኖሩን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ያውቃል፤ ግን ነገሩን በዚህ በኩል አዙሮ አይቶት አያውቅም። ስብሰባውን ተነጠቅሁ ብሎ ሲቆጥር፣ ከስብሰባው ቀጥሎ የመጣውን ከሂሳቡ ውጭ ትቶት ነበር። አሁን ደግሞ ተፈራ፣ ስምንት ዓመት ውጭ የተማረው፣ ዶክተር የተባለው፣ አርባ ሰባት ሰው የፈረመለት፣ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የታምሩን ኑሮ ይቆጥራል፤ ሐይቁን፣ ቢሮውን፣ ሚስቱን፣ ማታ ቤት መግባቱን። ዕድሜውን ሙሉ በሰው ሲቀና የኖረው ታምሩ፣ የሚቀናበት ሰው እንዳለ ሲያውቅ በመጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነበር። ኀፍረቱ ከኋላ ደረሰ፤ ደስታውን ግን ሊያስወጣው አልቻለም። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ክፉ ቃል ነው?» አለች የሺ።

«አይደለም» አለ። ካርዱን በነበረበት እጥፋት አጥፎ መለሰላት። «ቀልድ ነው።»

«እንኳን» አለች። እፎይ ብላ ቦርሳዋን ዘጋች፤ የከሰዓት ክፍሏ ሊገባ ስለሆነ ካሰችን ተሰናብታ ወጣች። የነጠላ ጫማዋ ድምፅ ኮሪደሩን አልፎ ጠፋ።

«ማን ይፈርማል ላልከው» አለች ካሰች፤ «ያ ሰው በመጀመሪያው ረድፍ ይፈርም ነበር። አንተም ታውቀዋለህ። የሚያናድድህም እሱ ነው።»

«አንቺስ?»

«እኔ ምሁር አይደለሁም። ሦስት ጊዜ እጽፈዋለሁ።»

ሰባት ሰዓት ከሃያ ነበር። ታምሩ ወደ ቢሮው ተመለሰና ዝርዝሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። መሳቢያውን ከፈተ፤ ቅጹን አወጣ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ ማስመሪያውን በመካከላቸው አስቀመጠ። ሦስተኛውን ቢሰርዘው ማንም ዋሸህ ሊለው አይችልም፤ እውነት ነው። ምልክት ቢያደርግበትም የተጻፈው ስም ያው «ተ. ወልደአማኑኤል» ነው፤ እሱም እውነት ነው። ሐሰቱ ያለው ከላይ በርዕሱ ላይ ነው፤ ርዕሱን ደግሞ እንዲያርም የጠየቀው የለም። እንዲህ ዓይነት ማስረጃ ተማሪ ቢያቀርብለት ዜሮ እንደሚሰጠው ያውቃል።

ቅጹን መልሶ መሳቢያው ውስጥ ከተተ። አልቀደደውም። በወሩ መጨረሻ የሚልከው እንዳልሆነ ግን አውቆታል፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አርባ አምስትን ይነካል፣ አዲስ ጽሑፍም በአንድ ክረምት አይወጣም። ቀይ እርሳሱን አነሳና ሦስተኛው መስመር ራስጌ ላይ ምልክት አደረገ። ምልክቱ ከሌሎቹ ወፈር ያለ ሆነ። ከዚያ 48ን ሰርዞ 49 ብሎ ጻፈ። አራተኛውንና አምስተኛውን አይቶ ጨረሰ።

ዲኑ ቢሮ ሲገባ የፕሮፌሰሩ መኪና ከደጅ ቆሟል፤ ሾፌሩ መስተዋቱን ይወለውላል። ደብዳቤው፣ የፊርማው ሰንጠረዥና የተፈራ ፎቶግራፍ በአንድ አቃፊ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል። ዲኑ ዝርዝሩን ተቀብሎ አምስቱን ቀይ ምልክቶች አንድ በአንድ አየ። ሦስተኛው ላይ ቆየ።

«ገጹን ለምን ቀየርከው?»

«ተሳስተው ነበር።»

«እሱን ብቻ?»

«እሱን ብቻ።»

ዲኑ ማኅተሙን አንስቶ አሳረፈ፤ ቀለሙ እስኪደርቅ በወረቀቱ ላይ እፍ አለ። «ታምሩ፣ ይሄን ውለታ…»

«ውለታ አትበለው። የፊርማውን ወረቀት ስጠኝ።»

«ተነጋገርን እኮ። የአባትህ ስም…»

«አውቃለሁ። ስጠኝ።»

ዲኑ ሰንጠረዡን ገፋለት። በታይፕ የተጻፈ ስም የለበትም፤ ሁሉም በእጁ ጽፎ ፈርሟል። ሠላሳ አንድ ስም አለ። በዛሬው ቀን የነበሩት መምህራን ሠላሳ ሁለት ናቸው፤ ታምሩ ጠዋት ከመዝገቡ ላይ ቆጥሯቸዋል። የዲኑን ብዕር ተቀበለ። ሠላሳ ሁለት ብሎ ቁጥሩን አሰፈረ። ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ፊደል ታምሩ ብሎ ጻፈ። እጁ በሃያ ዓመት ልማዱ ወደ አባቱ ስም ሊያልፍ ሲል ያዘው፤ ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ትንሽ ነጥብ ተወ። ከነጥቡ ቀጥሎ ኩማ ብሎ ጨረሰና ፈረመ።

ዲኑ ጎንበስ ብሎ አነበበ።

«ኩማ ማነው?»

«አያቴ ናቸው» አለ ታምሩ፤ ብዕሩን ከድኖ መለሰለት።